አቶ መዝገቡ ጥቁሩን መጥበሻ እንደ መረጡና የተረፈችውን ጥቁረት እንደ ጠበቁ

በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ በ፲፱፻፸፪ ዓመተ ምሕረት፣ ቀበሌ በመካኒሳ ላይ ከነገሠች በአምስተኛው ዓመት፣ ጓድ ግዛው የሊቀ መንበሩን ወንበር በያዘ በሦስተኛው፣ የኅብረት ሱቁ በር አረንጓዴ በተቀባ በሰባተኛው ወር፣ የምግብ ዘይትም ከመደርደሪያው በተሰወረ በአርባ አንደኛው ቀን፣ የሳሙና ፋብሪካው የላቦራቶሪ ሠራተኛ፣ ጠብታ ቆጣሪው፣ የእጅ ሰዓታቸው የማይዛነፍ፣ ያላዩትን የማያምኑ፣ ያዩትንም ሁለት ጊዜ ካላዩ የማይጽፉ፣ የወይዘሮ አሰገደች ባለቤት አቶ መዝገቡ መጥበሻ ሊመርጡ ተነሡ። ንጽሕፍ እንከ፤ እንግዲህ እንጻፍ፤ የሚመጣው ትውልድ መጥበሻ እንዲሁ በዋዛ የሚመረጥ እንዳይመስለው።

የጦርነቱ መነሻ ሐሞት ነው። በዚያው ዓመት በጥር ወር ወይዘሮ አሰገደች በሐሞት ጠጠር ተይዘው ሃያ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኝተው ነበርና፣ ሊወጡ ሲሉ ሐኪሙ በአልጋቸው ግርጌ ቆሞ ይህን አዋጅ አስነገረ፦ «እናቴ፣ ጠጠሩ አሁን ተኝቷል። ከቀሰቀሱት የምንገናኘው በቢላ ነው። ዘይት የለም፤ ቅቤ የለም፤ ጮማ የለም። ጾሙ ሲፈታ አንድ እንቁላል እፈቅድልዎታለሁ፤ አንድ ብያለሁ፤ እሱንም ቅባት ጠብታ እንዳይነካው።»

ወይዘሮ አሰገደችም ወደ መካኒሳ ቤታቸው ተመልሰው፣ ነጠላቸውን አውልቀው ሳይሰቅሉ፣ በሐኪሙ አዋጅ ላይ ሌላ አዋጅ ደረቡበት። እንዲህም አሉ፦ «መዝገቡ፣ ስማኝ። የተቀቀለ እንቁላል በዚህ ቤት እንዳላይ! ሃያ አንድ ቀን ጠዋት ጠዋት ሲያቀርቡልኝ ሽታው ከአልጋው ሽታ ጋር ተጋብቶብኛል። ሁዳዴን እንደ ሰው እጾማለሁ። በፋሲካ ጠዋት ግን የተጠበሰ እንቁላል እበላለሁ። ካለ ቅባት መጥበስ ከቻልክ እሰየው። ካልቻልክ በእናቴ ቅቤ ነው፤ የመጣው ይምጣ!»

የእናታቸውም ቅቤ በቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ ክዳኑ በሊጥ በታሸገ ጣሳ ውስጥ፣ እንደ ሸመቀ ጦር ተቀምጦ ነበር። አቶ መዝገቡ ጣሳውን አዩ፤ ሚስታቸውንም አዩ። ከተጋቡ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በእነዚያም ዓመታት ውስጥ አሰገደች «አደርገዋለሁ» ብላ ያላደረገችው አንድም ነገር አያስታውሱም። ስለዚህ ሌሊቱን በሙሉ የቢላውን ነገር ሲያስቡ አድረው፣ ሲነጋ ባለ ሰማያዊ ሽፋን ደብተር ገዙ።

በደብተሩም የመጀመሪያ ገጽ ላይ በማጀት ያሉትን ዕቃዎች መርምረው ውጤቱን ጻፉ። ጾም ስለ ነበር እንቁላል አልሰበሩም፤ በእንቁላሉ ፈንታ የቀጠነ የሽሮ ሊጥ እንዲቆም ፈቀዱ። አሮጌው የአሉሚኒየም መጥበሻ ሊጡን በአርባ ሰከንድ ውስጥ ያዘና እስከ ማታ አልለቀቀም፤ በቢላ ተፍቆ ነው የተላቀቀው። የሸክላው ድስት ጨዋነት አሳየ፤ ሊጡንም በቀላሉ ለቀቀ። ነገር ግን አቶ መዝገቡ ሲግል አጎንብሰው ቢያሸቱት የዘጠኝ ዓመት ወጥ ሸተታቸው፤ በነጭ ወረቀት ውስጡን ቢጠርጉትም ወረቀቱ ወዛ። በደብተራቸውም ላይ «ሸክላ የጠጣውን ቅባት አይረሳም፤ አይሆንም» ብለው ጻፉና አሰመሩበት።

ወእምዝ በመጋቢት ወር በ፲፭ኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ጓድ ግዛው ድምፅ ማጉያውን አንሥቶ በኅብረት ሱቁ ደጃፍ ቆመ፤ ማጉያው ሦስት ጊዜ ካፏጨ በኋላ አዋጁ ተሰማ፦ «ሰፊው የመካኒሳ ሕዝብ ሆይ! ከወዳጅ አገር ሠርቶ አደሮች የተላኩልን አርባ መጥበሻዎች ገብተዋል! ሃያ ስምንቱ ነጭ፣ አሥራ ሁለቱ ጥቁር! ሽያጩ ነገ ጠዋት ነው! ለአንድ ቤት አንድ መጥበሻ! መለወጥ የለም! መመለስ የለም! ሰልፍ ማበላሸት የለም!»

ሰዓት እላፊው እንደ ተነሣ፣ ሰማዩ ገና አመድ እንደ መሰለ፣ በሱቁ ደጃፍ ሠራዊት ተሰለፈ። ሠራዊቱም ሰው አልነበረም፤ የሰው እንደራሴ ነበር። የመካኒሳ ሕዝብ ወረፋውን በድንጋይና በቆርቆሮ ይዞ ቤቱ ቁርሱን መብላት ልማዱ ነውና። በግንባር የአቶ ዳባ የተጨረመተ የወተት ቆርቆሮ ቆመ፤ ከእርሱ ቀጥሎ የወይዘሮ ከድጃ እጀታ የሌለው ባልዲ፤ ከእርሱም ቀጥሎ የእነ ዋቅጅራ ግማሽ ጡብ፣ የእነ ሮበሌ ባለ ሁለት እግር በርጩማ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ የግራ እግር የጎማ ጫማ፤ እንዲሁ እያለ እስከ መንገዱ መታጠፊያ። በአሥራ አራተኛው ማዕርግ ላይ የአቶ መዝገቡ ድንጋይ ቆመች፤ ከወንዝ ዳር የተለቀመች፣ ጠፍጣፋ፣ ክብደቷ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም፣ በላይዋም በኖራ «መ» የተባለባት። ይህችን ድንጋይ አንባቢ ያስታውሳት፤ ሥራዋ ገና ነው።

ሱቁ በሦስት ሰዓት ተከፈተ። ነጩ መጥበሻ ብረት ሆኖ ላዩ እንደ ሲኒ በሚያብለጨልጭ ቅብ የተለበጠ፣ ዳር ዳሩን በሰማያዊ መስመር የተከበበ፣ ለሙሽራ ጥሎሽ የሚበቃ ነበር። ጥቁሩ ግን ቀላል፣ ውስጡ ከል የለበሰ፣ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ሰባት ዓመት የተሠራበት የሚመስል ነበር። ስለዚህ ከፊት ያሉት አሥራ ሦስት አባወራዎችና እማወራዎች አሥራ ሦስት ነጭ መጥበሻ እየታቀፉ ወጡ፤ ጥቁሩንም ማንም በዓይኑ አላየው።

አቶ መዝገቡ ግን ከባንኮኒው ሲደርሱ ሁለቱንም አስወረዱ። ነጩን በጥፍራቸው መቱት፤ ጥቁሩን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ነጩን ወደ ብርሃን አዘንብለው የቅቡን ጥቃቅን ቀዳዳ ቆጠሩ፤ አምስት አገኙ። መነጽራቸውን ጠረጉ። እንደገና ቆጠሩ፤ አሁንም አምስት ነበር። ከኋላቸው የቆመው ሕዝብ አምስት ደቂቃ ታገሠ፤ ስድስተኛው ላይ አጉረመረመ፤ ዘጠነኛው ላይ አዋጅ በአዋጅ ሆነ። መጥበሻውን ታቅፎ ወሬ ሊያይ የቀረው አቶ ዳባ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «እኛ መጥበሻ ስንገዛ እሳቸው ሙሽራ ይመርጣሉ! ጥርሷንም ይዩላት እንጂ!» ጓድ ግዛውም እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ጓድ መዝገቡ፣ ወይ ይምረጡ ወይ ሰልፉን ይልቀቁ! አብዮቱ ቆሞ አይጠብቅም!»

ጀግናው ግን ከኮታቸው ኪስ የመድኃኒት ጠብታ ማንጠብጠቢያ አወጡ፤ ውስጡ ንጹሕ ውሃ ነበር። በነጩ ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ፤ ጠብታዋ ተዘርግታ እንደ ደከመው ሰው ተኛች። በጥቁሩ ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ፤ ጠብታዋ እንደ ዶቃ ተሰብስባ ቆመች፤ መጥበሻውን ነቅነቅ ቢያደርጉት ከጥግ ወደ ጥግ ሮጠች፤ የረገጠችው መሬት እንኳ አልረጠበም። አቶ መዝገቡም በሕዝብ ፊት አንድ ቃል ብቻ አወጁ፦ «ጥቁሩን።»

ሳቁ እስከ ጎፋ ሳይሰማ አልቀረም። በአጥር የሚዋሰኗቸው ጎረቤታቸው፣ የልብስ ሰፊው የአቶ ሙሄ ባለቤት፣ ምላሰ ስል ወይዘሮ ከድጃ፣ ነጭ መጥበሻቸውን እንደ ጋሻ ይዘው ይህን አወጁ፦ «ጋሽ መዝገቡ፣ ጥቁር ከፈለጉማ ለምን አልነገሩኝም? የኔ አሮጌ ድስት አለልዎት፤ ሃያ ዓመት ያጠቆርኩት! በነፃ!»

ከመጥበሻው ጋር አንዲት ወረቀት ነበረች፤ ማንም በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈች፣ ሥዕል ግን ያለባት። ሹካ ተሥሎ ሁለት መስመር ተጋድሞበታል፤ ቢላ ተሥሎ ተጋድሞበታል፤ የሽቦ መፈግፈጊያ ተሥሎ ተጋድሞበታል። አቶ መዝገቡ ትርጉሙ ወዲያው ገባቸው፤ ወረቀቷንም በአራት አጥፈው በደብተራቸው ውስጥ አኖሯት፤ ስለ እርሷም ለማንም አልተናገሩም። በዚህ ሁሉ ዘመቻ ጀግናው የሠሩት አንድ ስሕተት ይህ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊ አይዋሽምና ጽፈነዋል።

ቤት ሲገቡ የተቀበላቸው እልልታ አልነበረም። ወይዘሮ አሰገደች መጥበሻውን ገልበጥ አድርገው አይተው፦ «ሰው ሁሉ ነጭ ይዞ ሲገባ፣ የኔ ባል ጥቀርሻ ተሰልፎ መጣ!» ብለው አወጁ፤ ዓይናቸውም ወደ ቁም ሣጥኑ አናት ሄደ።

እንግዲህ መጥበሻው በእንቁላል መፈተን ነበረበት። ነገር ግን ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ በክርስቲያን ቤት እንቁላል አይሰበርም። አቶ መዝገቡ አራት ቀን አስበው መላውን አገኙ፤ በ፳ኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከሥራ እንደ ተመለሱ መጥበሻቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ወደ ከድጃና ወደ ሙሄ ቤት ዘመቱ። ከድጃም ነጩን አወጡ፤ ሙሄም ከልብስ ስፌት መኪናው ተነሥቶ ሁለት እንቁላል አመጣ፤ ውጊያው ካለ ቅባት ተጀመረ።

በነጩ ላይ የወረደው እንቁላል በወደቀበት ሥር ሰደደ፤ በማንኪያ ሲገፉት ግማሹ መጣ፣ ግማሹ ለዘላለም ቀረ። በጥቁሩ ላይ የወረደው ግን ዙሪያው ረጋ፣ መሐሉ ጠና፤ በሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ መጥበሻው ዘንበል ቢል፣ በገዛ ሥልጣኑ ተንሸራቶ ሳህኑ ላይ ሰፈረ። ወይዘሮ ከድጃ ሁለት እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጭነው፦ «ያ አላህ! እንቁላሉ እግር አወጣ!» ሲሉ አወጁ። አቶ ሙሄም ለፍርድ ተቀምጦ የሁለቱንም ወገን ምርኮኞች በላ። ጾመኛው ጀግና ምራቃቸውን እየዋጡ በማስመሪያ ለኩ፤ በደብተራቸውም «የእንቁላሉ ስፋት፣ ዳር እስከ ዳር፣ አሥር ሳንቲሜትር ተኩል» ብለው ጻፉ።

መጥበሻውን አንሥተው ሊሄዱ ሲሉ ግን ወይዘሮ ከድጃ በር ላይ ቆመው እንዲህ አወጁ፦ «ወዴት? ሙሄ የበላበትን ዕቃ ሳላጥብ ልስደድ? ምን ዓይነት ጎረቤት ሊያደርጉኝ ነው፣ ጋሽ መዝገቡ? ይሂዱ፤ ነገ አመጣዋለሁ።»

ይህም የአገሩ ሕግ ነው። በመካኒሳ የጎረቤት ዕቃ ከመጣው ንጹሕ ሆኖ ካልተመለሰ ውርደት ነው፤ ከመጣው ይበልጥ ከነጣ ግን ፍቅር ነው። ከድጃም አሰገደችን ይወዷቸዋል። በሆስፒታሉ ሃያ አንድ ቀን ምሳ እየቋጠሩ የተመላለሱት እሳቸው ናቸው፤ የታመመች ጎረቤታቸው በዓሉን በጥቁር መጥበሻ ስትውል ለማየት ሆዳቸው አልቻለም። ስለዚህ ከቀትር ስግደት በኋላ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ አመድ በቆርቆሮ፣ ጭድ በጉንጉን፣ የሽቦ ቁራጭም ለክፉ ቀን ይዘው ከውሃው ቧንቧ ሥር ተቀመጡ፤ ፈገፈጉ። ጥቁሩ እየለቀቀ፣ ከሥሩ አንጸባራቂ ነጭ ብረት ብቅ ሲል፣ ደስ እያላቸው አጠነከሩ። የዐስር አዛን፣ የከሰዓት በኋላው የስግደት ጥሪ፣ እስኪሰማ ድረስ እጃቸው አላረፈም።

በማግስቱ፣ በሆሣዕና ዕለት፣ አቶ መዝገቡና ወይዘሮ አሰገደች ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው የዘንባባውን ቀለበት ከጣታቸው ሳያወልቁ፣ ወይዘሮ ከድጃ በንጹሕ ፎጣ የተሸፈነ ነገር ይዘው ገቡ። ፎጣውንም ገልጠው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «እቴ አሰገድ፣ ከፋብሪካው ጀምሮ የተጋገረ ጥቀርሻ ነበር! ክንዴ እስኪዝል ፈገፈግሁልሽ። ይቺ እጀታው ሥር ያለችው ብቻ እምቢ አለች፤ አዛን ሲባል ተውኳት። አታስቢ፤ ነገ መጥቼ እጨርሳታለሁ።»

መጥበሻው እንደ መስተዋት ነበር። የአቶ መዝገቡ ፊት በውስጡ ታየ፤ ያ ፊት ምን ይመስል እንደ ነበር መጻፍ አንሻም። ታላቁ ሰው ለመናገር አፋቸውን ከፈቱ፤ የከድጃን የተላጠ ጣት አዩ፤ ዘጉት። ከዚያም ከማንኛውም ጦር ሜዳ ድል የሚበልጠውን ቃል ተናገሩ፦ «እግዜር ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ።»

ከድጃ ከወጡ በኋላ ወይዘሮ አሰገደች መጥበሻውን አላዩም፤ ባላቸውን አዩ። ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው አጭር አዋጅ አወጡ፦ «በቃ መዝገቡ። ለፋህ። ቅቤ ነው እንግዲህ።» ይህንንም ሲናገሩ እጃቸው ከጎድናቸው በታች፣ ሕመሙ ከሚነሣበት ቦታ ላይ ነበር፤ እጃቸው ወደዚያ መሄዱን ግን እሳቸው አላወቁም። አቶ መዝገቡ አወቁ።

ስለዚህ ማስመሪያቸውን አነሡ። በእጀታው ሥር የተረፈችው ጥቁረት ርዝመቷ ዘጠኝ ሳንቲሜትር፣ ስፋቷ ሰባት ተኩል፤ የአንዲት ሴት መዳፍ ታህላለች። ደብተራቸውን ገለጡ፤ የሙሄ እንቁላል አሥር ተኩል ነበረ። ግዛቱ ጠበበ፤ ሠራዊቱ በዛ። ግዛቱን ማስፋት አይቻልምና ሠራዊቱን መቀነስ ግድ ሆነ። አቶ ዳባ ከአባቶቹ ጀምሮ በዚያው የሚያርስ፣ ዶሮም የሚያረባ ሰው ነው፤ አቶ መዝገቡ ሰኞ ማለዳ ከደጁ ቆመው የቄብ እንቁላል፣ ያውም የመጀመሪያዋን እንዲሰጣቸው ለመኑት። አቶ ዳባም፦ «ለዶሮዋም ጥርስ ያዩላት ይሆናል!» ብሎ አወጀ፤ ግን እየሳቀ በማስመሪያ የተለካች አንዲት ትንሽ እንቁላል ሰጣቸው።

የቀረው የጥቁረቲቱን ድንበር ለፋሲካ ማድረስ ነበር፤ የሕማማቱም ሳምንት የከበባ ሳምንት ሆነ።

በዚያው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ከድጃ ቃላቸውን ጠብቀው በአዲስ አመድ መጡ። እውነቱን ቢነግሯቸው ልባቸው ይሰበራል፤ ባይነግሯቸው ጥቁረቲቱ ትጠፋለች። በሕይወታቸው የውሃ ጠብታ እንኳ አሳስተው የማያውቁት አቶ መዝገቡ፣ በበሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው አወጁ፦ «ወይዘሮ ከድጃ፣ በእኛ ዘንድ በሕማማት ብረት አይፈገፈግም።» በደብተራቸውም ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው «ውሸት፣ አንድ» ሲሉ መዘገቡ። ከድጃም የሰው ሃይማኖት አክባሪ ናቸውና አመዳቸውን ወዲያው ደፍተው ተመለሱ፤ እንዲያውም ለሰፈሩ ሁሉ ነገሩ።

ረቡዕ ከሰፈሩ ሕዝብ የተመረጠው የማጀት ጽዳት ቁጥጥር ኮሚቴ መጣ። መሪዋ ጓድ ደራርቱ ነበረች፤ በጆሮዋ እርሳስ፣ በብብቷ ቅጽ፣ ከኋላዋም ሦስት አባላት፣ አንዱ ማኅተም ይዞ። ጓድ ደራርቱ መጥበሻውን ከተሰቀለበት አውርዳ እጀታው ሥር ያለችውን አየችና አወጀች፦ «ጥቀርሻ! በዓል ደርሶ ጥቀርሻ! ወይ አሁኑኑ ይፈግፈግ፣ ወይ ነጥብ ይቀነሳል!» ይህን በአጥር የሰሙት ወይዘሮ ከድጃ እንደ ነብር ዘለው ገቡና፦ «አትንኪባቸው! የሃይማኖታቸው ነው!» ብለው አወጁ። ጓድ ደራርቱም ቅጿን ከፍ አድርጋ፦ «በአብዮት ዘመን የተቀደሰ ጥቀርሻ የለም!» ብላ መለሰች፤ አንዱ አባልም የሽቦ መፈግፈጊያ አንሥቶ ነበር።

አቶ መዝገቡ ጠብታ ማንጠብጠቢያቸውን አወጡ። አንዲት ጠብታ በጥቁረቲቱ ላይ ጣሉ። ጠብታዋ ዶቃ ሆነች፤ ሮጠች፤ ከድንበሩ ስትደርስ ነጩ ብረት ላይ ወድቃ ተንጠራርታ ቀረች። ኮሚቴው አንድ ጊዜ አየ። ድጋሚ አየ። ማኅተም ያዡ «አንዴ ይድገሙልን» ብሎ ለመነ፤ ተደገመለት። ከዚያ በኋላ ጓድ ደራርቱ እርሳሷን ከጆሮዋ አውርዳ በቅጹ ላይ «ጥቀርሻ፣ አንድ፤ ሥራ ላይ ያለ» ብላ ጻፈች፤ ማኅተምም ተመታበት። ወይዘሮ ከድጃ ግን ከኮሚቴው ጀርባ ቆመው ስለ ነበር ጠብታዋን አላዩም፤ ያሸነፈው የሃይማኖቱ ነገር መስሏቸው በደስታ ሄዱ።

እነሆ፣ በመጋቢት ፳፰ ቀን፣ በዕለተ ፋሲካ፣ ሰዓት እላፊው እስኪነሣ በቤተ ክርስቲያን ያደረው ሕዝብ ሲበተን፣ ሁለቱ ባልና ሚስት ነጭ ለብሰው፣ ዓይናቸው በእንቅልፍ ቀልቶ ገቡ። የላምባው ምድጃ ተለኮሰ። ጥቁረቲቱ በጥግ ናትና መጥበሻው ቀጥ ብሎ ከተቀመጠ እንቁላሉ ወደ ነጩ ምድር ይሸሻል። ስለዚህ አቶ መዝገቡ ያችን በኖራ «መ» የተባለባትን ድንጋይ አመጡ፤ ከምድጃው አንደኛው ወገን ሥር አስገቧት፤ መጥበሻው ወደ እጀታው ዘመመ። በሰልፍ ቆማ ባለቤቷን ያስከበረች ድንጋይ፣ አሁን ተኝታ አስከበረች።

ወይዘሮ አሰገደች የቄቧን እንቁላል ሰበሩ። አቶ መዝገቡ በአንድ እጃቸው እጀታውን፣ በሌላው ሰዓታቸውን ይዘው ትንፋሻቸውን ዋጡ። እንቁላሉ ተዘረጋ፤ ወደ ድንበሩ ገሠገሠ፤ በሦስት ወገን ከድንበሩ ውስጥ ቆመ፤ በአራተኛው ወገን ግን አንዲት ቀጭን ነጭ ምላስ ተሻግራ በተፈገፈገው ብረት ላይ ተያዘች።

በዚህ ሰዓት ወይዘሮ ከድጃ «እንኳን አደረሳችሁ» ሊሉ በር ላይ ነበሩ። አዩ። እንቁላሉ በጥቁረቲቱ ላይ ሲዋኝ፣ በነጩ ላይ ያለችው ምላስ ግን ሥር ስትሰድ አዩ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለወጠ፤ የማይታጠፈውም ምላሳቸው ታጠፈ። እንዲህም አሉ፤ ይህም አዋጅ አልነበረም፣ ለራሳቸው ነበር፦ «ጥቀርሻው ነው እንዴ ሲያንሸራትተው የነበረው? … እኔ ነኝ የፈገፈግሁት?» ነጠላቸውንም ወደ ዓይናቸው ሰበሰቡ። አቶ መዝገቡም ጥፋቱ እንደ ተገለጠበት ሰው ወለሉን ያዩ ጀመር።

ወይዘሮ አሰገደች ግን ማማሰያውን አንሥተው ያችን የተያዘች ምላስ ቆረጥ አደረጓት፤ የቀረው እንቁላል ተንሸራቶ ሳህናቸው ላይ ሰፈረ። ቆመውም አንድ ጉርሻ ጎረሱ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከዚያ በኋላ በመካኒሳ እስከ ዛሬ የሚነገረውን የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦ «ከድጃ፣ ሙሉውን ብትተዪውማ ኖሮ ሦስት ጠብሼ ነበር። ራሴን አውቃለሁ! ሐኪሙ የፈቀደው አንድ ነው። አንቺ የአንድ እንቁላል ቦታ ለክተሽ አስቀረሽልኝ። ግቢና ተቀመጪ! መዝገቡ፣ ጨው አንሶታል።»

ከድጃ ገብተው ተቀመጡ፤ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ አልተለየም። አቶ መዝገቡም ጨው አቀበሉ፤ ከዚያም ከሚስታቸው ፊት ለፊት በርጩማ ስበው ሰዓታቸውን በጉልበታቸው ላይ አኑረው ተቀመጡ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት አለፈ። የአሰገደች እጅ ወደ ጎድን ይሄድ እንደ ሆነ ይጠብቁ ነበር፤ እጁ ግን የሄደው ወደ ከድጃ ትከሻ ነው፤ በሳቅ ሊመታ። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ጀግናው ደብተራቸውን ገለጡ፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ «ሕመም፣ የለም» ብለው ጻፉ፤ ፊደሉ ስለ ተጣመመባቸው ሰርዘው እንደገና ጻፉት። ከዚያም በወንበር ላይ ቆመው የቅቤውን ጣሳ ከቁም ሣጥኑ አናት አወረዱ፤ ሊጡ እንደ ታሸገ ነበር፤ ለከድጃም የበዓል ስጦታ አድርገው ሰጡ።

በሦስተኛው ቀን በኅብረት ሱቁ ደጃፍ ድንጋይና ቆርቆሮ እንደገና ተሰለፈ፤ የቀሩት አሥራ አንድ ጥቁር መጥበሻዎች እስከ ቀትር አልቆዩም። በግንባር የቆመችውም የወይዘሮ ከድጃ ባልዲ ነበረች፤ ጓድ ግዛው «ለአንድ ቤት አንድ መጥበሻ ብያለሁ!» ብሎ ቢያውጅ፣ ነጩን ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተው «ይሄ ባርኔጣ ነው!» ብለው አወጁ፤ ሕዝቡም መሰከረላቸው።

ይህ እንግዲህ ዜናሁ ለመዝገቡ ነው፤ የመካኒሳው መዝገቡ፣ በጠብታ የመረመረ፣ በማስመሪያ የተዋጋ፣ በሕዝብ ሳቅ ያልተናወጠ፣ ግዛቱ ከመዳፍ ሳይሰፋ ያልተደፈረ፣ ጎረቤቱን ላለማሳዘን አንድ ጊዜ ዋሽቶ የዋሸውንም የመዘገበ። ነገሥታት በዘመናቸው ብዙ አገር ያዙ፤ ከያዙትም ብዙውን አጡ። እሳቸው የያዙት ዘጠኝ በሰባት ተኩል ነው፤ በእርሱም ላይ አሰገደች በየፋሲካው አንዲት እንቁላል ትጠብሳለች። ክብር ለጠብታው፤ ክብር ለድንጋይቱ፤ ክብር በጊዜው ለተሰማው የዐስር አዛን፤ አሜን።